ሐኪሙና ዝምተኛው ፓምፕ

አባቴን ሰፈሩ ሁሉ «ሐኪሙ» ይለዋል። መርፌ ወግቶ፣ ኪኒን አዝዞ አያውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በከተማው የውሃ ጣቢያ የፓምፕ ጠጋኝ ነበር። ስሙን ያተረፈለት ካቻቢቴው ነው። የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ በሚሠራው ፓምፕ ሆድ ላይ፣ እጀታውን በጆሮው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ከዚያ ቀና ብሎ «የኋላው ኩሽኔታ ሳምንት አይቆይም» ይላል። እውነትም አይቆይም። መሐንዲሶቹ ለክተውና ደምረው የሚደርሱበትን እሱ በጆሮው ቀድሞ ይደርስበት ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ እንኳ ጣቢያው ሲጨንቀው መኪና ልኮ ያስጠራው ነበር።

አንድ ሕግ ነበረው። «የሚሠራ ፓምፕ አይከፈትም» ይላል። አዳምጥ፣ ዳስስ፣ እርግጠኛ ስትሆን ብቻ ክፈት፤ የጤነኛ ሆድ ከፍቶ ማየት የሰነፍ ሥራ ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ዛሬም የስፌት መኪናዬን ሳትበላሽ ልፈታት ስነሳ አባዬ ከኋላዬ የቆመ እየመሰለኝ እጄን እሰበስባለሁ።

እናቴ ደግሞ የጓሮ ሰው ነበረች። ጣቢያው ለሠራተኞቹ በሰጠው ቤት ጀርባ፣ ከአንሶላ ብዙም በማይሰፋ መሬት ላይ፣ ያላበቀለችው ነገር የለም። የምትኮራው ግን በቲማቲሟ ነበር። ጎድን ጎድን ያላት፣ ከላይ ስትታይ በደንብ ያልተቋጠረ ከረጢት የምትመስል መልከ ጥፉ ቲማቲም ናት። እንግዳ ሲመጣ «መልኳን አትዩ፣ ቅመሷት» ትል ነበር። አባዬ ጡረታ ሲወጣ ቤቱ ለጣቢያው ተመለሰና አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ገቡ። በዚያው ወር የእኔም ትዳር ፈረሰና ከነሻንጣዬ መጥቼ ተደረብኩባቸው። እማዬ ከጓሮዋ ይዛ የወጣችው በወረቀት የተጠቀለለ፣ ጭብጥ የማይሞላ የቲማቲም ዘር ብቻ ነበር።

ከዚያ ሳንባዋ ከዳት። በፊት በየፎቁ አንድ ጊዜ እያረፈች ትወጣ ነበር። በኋላ በየደረጃው ማረፍ ጀመረች። መጨረሻ ላይ መውረዱንም መውጣቱንም ተወችው። አልጋዋን ከመኝታ ቤት አውጥተን፣ ሰማይ እንኳ ትይ ብለን፣ በረንዳው በር ፊት ለፊት ዘረጋንላት። ሐኪሙ፣ እውነተኛው ሐኪም ማለቴ ነው፣ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ጠራኝና «ሦስት ወር፣ ቢበዛ አራት» አለኝ። ለእማዬ አልነገርኳትም። ሳልነግራት እንደምታውቅ ያወቅሁት ምሳ ላይ ነው።

«ከመሄዴ በፊት የራሴን ቲማቲም አንዴ ብበላ ደስ ይለኛል» አለች። «ይሄ የገበያው ውሃ ውሃ ይላል።»

«ወዴት ነው የምትሄጂው?» አልኳት እንደ ሞኝ።

«ገበያ» አለችኝ። ሳቀችና ሳሉ ያዛት።

አባዬ ከሳህኑ ቀና ብሎ አፏን አፏን ሲያያት ቆየ። በበነጋው የቆየ ማስታወሻ ደብተሩን ፍለጋ ቁም ሣጥኑን ገለባበጠው።

አፈር ወደ በረንዳው ማውጣት አይቻልም ነበር። ባለፈው ዓመት የአንዱ በረንዳ ተሰንጥቆ የሕንጻው ተቆጣጣሪ ቤት ለቤት እየዞረ የአበባ ማሰሮ ሁሉ አስወርዷል። አባዬ ግን ድሮ አንድ የእርሻ ምርምር ቦታ ፓምፕ ሊጠግን ሄዶ ያየው ነገር ትዝ ብሎታል። ድንች ያለ አፈር ይበቅላል። ሥሩ ጨለማ ሣጥን ውስጥ ራቁቱን አየር ላይ ተንጠልጥሎ በየጥቂት ደቂቃው ጉም የሚመስል ውሃ ይረጩበታል፤ ማዳበሪያውም ውሃው ውስጥ ነው። ሥሩ ተንፍሶ፣ ጠጥቶ፣ ከአፈሩ ቀድሞ ያፈራል። ይህን ሁሉ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ በእጁ አየር ላይ እየሣለ ነገራት።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለች እማዬ።

«በሰባ ቀን ታያለሽ» አለ አባዬ። ዘወትር ከአፏ ዓይኑን ስለማይነቅል ተረቱ አላመለጠውም።

ሰማያዊ በርሜል አገኘ፤ ብርሃን እንዳይገባው ውስጡን ጥቁር ቀባው፤ ክዳኑን አራት ቦታ በሳው። ስድስት ዘር እርጥብ ስፖንጅ ላይ በተንና አራቱ በቀሉ። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ጭቅጭቁ የመጣው ውሃውን በሚረጨው አፍ፣ በኖዝሉ ነው።

አባዬ የዕድሜ ልኩን ቃርሚያ የሚያኖርበት የብስኩት ቆርቆሮ አለው። ከእሱ ሦስት ዓይነት የነሐስ ኖዝል አውጥቶ እማዬ አልጋ ላይ ደረደረ። አንዱ ቀዳዳው ፀጉር አያሳልፍም። ሁለተኛው የመርፌ ዓይን ያህላል። ሦስተኛው ከገበሬዎች የጀርባ መርጫ የተነቀለ ነው፤ ስንዴ ቢገባበት አይገርመኝም። እያንዳንዱን ጎማ ላይ አስሮ ግድግዳው ላይ በሰቀለው መስታወት ላይ ረጨ። ሰፊው «ቸስስስ» ብሎ መስታወቱን በአንድ ጊዜ አጥቦ ወለሉን አጨቀየው። መካከለኛው ነጠብጣብ ጣለበት። ቀጭኑ ግን ሰው የተነፈሰበት ያህል አደበዘዘው፤ ድምፁም የትንፋሽ ያህል ነው።

«ይሄ ነው» አለ አባዬ በቀጭኑ ፍቅር ወድቆ። «ሥር ጠብታ አይወድም፤ ጠብታ ያሰምጠዋል። ጉም ነው የሚወደው።»

«ቀጭኑ ይዘጋል» አለች እማዬ። «ማዳበሪያው ጨው አይደል? ሰፊውን አድርግ።»

«ሰፊው በየአሥር ደቂቃው ሲጮህብሽ እንዴት ትተኛለሽ?»

«ጩኸቱን እወደዋለሁ። ዝናብ ይመስለኛል።»

«እመቤት፣ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለና ሰፊውን ወደ ቆርቆሮው መለሰው። እመቤት ስሟ አይደለም፤ ሲረታት የሚላት ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን በነገር ታንበረክከው ነበር። ያን ቀን ግን ትንፋሽ አጠራትና ፊቷን ወደ በረንዳው አዞረች። እኔም በአባዬ ሐሳብ ተስማማሁ። የታመመ ሰው ጸጥታ እንደሚያስፈልገው ማን አይስማማም?

ፓምፑን ሊገዛ ሲነሳ እማዬ «አብረሽው ሂጂ» አለችኝ።

«ለፓምፕ? እሱ እኔን ምን ያደርገኛል?»

«ሂጂ ብያለሁ።»

ባለሱቁ ድምፁ ዝቅ ያለ ትሑት ሰው ነበር። «ጋሼ፣ ለምን ዓይነት ሥራ ነው የፈለጉት?» አለው ጎንበስ ብሎ አንድ ካርቶን እየፈታ።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ አባዬ።

ባለሱቁ ቀና ብሎ አየኝ። አፈርኩ። በየመንገዱ ሐሳቡ እየነጎደ እንዲህ የሚያዋርደኝ ነገር ነበረው፤ ቤት ውስጥ «አባዬ ሲፈልግ ብቻ ነው የሚሰማው» እያልን እንቀልድበት ነበር። የምንፈልገውን እኔ አስረዳሁና ሦስት ፓምፕ ወጣልን። አንደኛው ለዓሣ ገንዳ የሚሆን ልፍስፍስ ነው፤ ገፍቶ ጉም አያወጣም። ሁለተኛው ባለ ብረት ገላ፣ የመኪና አጣቢዎች ዓይነት፣ ገና ሲነሳ ጠረጴዛውን ያንቀጠቀጠ ጯሂ ነው። ሦስተኛው ከቤት የውሃ ማጣሪያ ላይ የሚገጠም፣ ውስጡ ልብ የሚመስል ላስቲክ ያለው፣ ጉልበቱን በሆዱ የያዘ ዝምተኛ ነው።

አባዬ ካቻቢቴውን ከኪሱ አወጣ። ጫፉን ፓምፑ ላይ አደረገና እጀታውን በጆሮው ፈንታ በጥርሱ ነከሰው። ሦስቱንም እንዲያ ነክሶ ሞከራቸው። አንድ ጫማ ጠራጊ ቆሞ ይስቃል። «አባዬ፣ ሰው እያየ ነው» ብለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ጨርሶ ሲነሳ ወደ እኔ ዞረና፣

«አንቺ ምረጪ፤ እናትሽን የማይረብሻት የትኛው ነው?» አለኝ።

ሐኪሙ ፓምፕ ምረጪ ሲለኝ ክብር መስሎኝ ልቤ ሞቀ። ሦስተኛውን አልኩት።

በሁለት ቀን ገጠመው። ኖዝሎቹ አራት ናቸው፣ በርሜሉ ውስጥ ዙሪያውን። ፓምፑ ይበልጥ ዝም እንዲል የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ አስቀመጠው። እንዳይጨነቅና እንዳያንጎራጉርም ትርፍ ውሃ ፓምፑ ወደሚስብበት ባልዲ የሚመለስበት ቀጭን ቱቦ ሠራለት። ማብሪያውን ሲጫን ምንም አልተሰማም ማለት ይቻላል፤ አንድ የሩቅ ንብ፣ ከዚያ ትንፋሽ፣ ከዚያ ጸጥ።

«ይሄማ አይሰማም» አለች እማዬ።

«ለዚሁ እኮ ነው!» አለ አባዬ። እንዲህ ኮርቶ አይቼው አላውቅም። እማዬ እሱን ሳይሆን እኔን አየችኝ፣ ድስት አስጠብቃኝ እንዳሳረርኩባት ቀን። ምን እንዳጠፋሁ ስላልገባኝ ቆሽቴ አረረና ወደ ስፌቴ ሄድኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን አንድ ነገር ተለመደ። ፓምፑ በየአሥር ደቂቃው ይነሳል። አባዬ መዳፉን ላዩ ላይ ያደርጋል፤ መንቀጥቀጡን ሲያገኘው ዞሮ አልጋውን ያያል። እማዬ አንድ ጣቷን ታነሳለች። ረጭቷል ማለት ነው። እሱም ራሱን ነቅንቆ ወደ ሥራው ይመለሳል። የሁለት ሽማግሌዎች ጨዋታ መስሎኝ ነበር። አንዳንዴ ጣቷን በማንሳት ፈንታ «ሁለተኛዋ ዛሬ ቀጥናለች» ትላለች። አፏን አይቶ ይነሳና ያችኑ ኖዝል ፈትቶ ኮምጣጤ ውስጥ ይዘፈዝፋታል፤ አፉ ላይ አድርጎ እፍ ይልና ይመልሳታል። አልጋ ላይ ተኝታ አራቱን ኖዝል በድምፅ ትለያቸው ነበር። እኔ አጠገባቸው እየሰፋሁ ስውል አንድም ቀን ልብ ብዬ ሰምቻቸው አላውቅም።

ሥሩ ሲወርድ አየነው። ክዳኑ ላይ ቡሽ የተወተፈባት አንዲት ቀዳዳ ነበረች፤ በባትሪ ስናይ ነጭ፣ የተባዘተ ጥጥ ነው። ግንዱን በሲባጎ ወደ ላይ ሰቀልነው። አበባ ሲወጣ ንብ አራተኛ ፎቅ አትመጣምና እማዬ ተደግፋ ወጥታ በእርሳስ ጫፍ መታ መታ አደረገቻቸው። «እኔ ንብ ሆንኩ» አለች። ያን ቀን ነው ለመጨረሻ ጊዜ በእግሯ የቆመችው።

በስልሳ ሰባተኛው ቀን ትልቋ ቲማቲም፣ ጎድን ጎድን ያላት መልከ ጥፉ፣ ቂጧ ነጣ ማለት ጀመረ። እማዬ በሳምንት ትቀላለች አለች። በስልሳ ስምንተኛው ቀን ጠዋት ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ አገኘኋት። ጎረቤቶች በወንበር ተሸክመው አወረዷትና ሆስፒታል ገባች።

አባዬ አልጋዋ ሥር ቆሞ መሄጃ አጣ። አፏ ላይ ጭምብል ስላደረጉላት የምትለው አይታየውም። ጭምብሉን ገለጥ አድርጋ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እያስረዘመች፣ «አንተ ሂድ፤ ቲማቲሜን ጠብቅ» አለችው። ሄደ። ሁለት ቀን ከእሷ ጋር አደርኩ። በየጊዜው ልደውልለት ብዬ ተውኩት፤ አባዬ በስልክ ማውራት አይወድም።

በሦስተኛው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቅያሪ ልብስ ልወስድ ወደ ቤት ሄድኩ። ቀኑ የሚያቃጥል ነበር። በሩን ከፍቼ ገባሁ። አባዬ በረንዳው ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ከላዩ አንሶላ ወጥሮ ጥላ ሠርቷል። መዳፉ ፓምፑ ላይ ነው፤ ትኩሳት የያዘው ልጅ ግንባር ላይ እንደሚያደርጉት አድርጎታል። ከጥላው ሥር አራቱ የቲማቲም ግንዶች ከነቅጠላቸው ተንጠልጥለዋል። ቅጠሉ ገና የተጨመቀ ጨርቅ መስሏል።

ፓምፑ ይሰማኛል። የሩቅ ንቧ አለች። ከእሷ ቀጥሎ የሚመጣው ትንፋሽ ግን የለም። ሁለት ወር ሙሉ ሳላዳምጠው የሰማሁትን ነገር መሰማት ሲያቆም አወቅሁት።

«አባዬ፣ አይረጭም እኮ!» አልኩ።

አልዞረም።

«አባዬ!»

አጠገቡ ደርሻለሁ፤ እጄን ብዘረጋ ትከሻውን እነካዋለሁ። እኔ ደግሞ ቁጣ ይቀድመኛል። ሦስት ቀን አልተኛሁም፣ እናቴ እየሞተችብኝ ነው፣ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ይዘጋኛል። የያዝኩትን የቁልፍ ዘለላ ባለ በሌለ ኃይሌ ወለሉ ላይ ወረወርኩት። የበረንዳው አጥር ላይ የነበሩት ርግቦች በአንድ ጊዜ ብርር ብለው ተነሡ።

አባዬ የርግቦቹን መነሣት አይቶ ቀና አለ። ምን አባረራቸው ብሎ ዞረና አየኝ። ፈገግ አለ።

«መጣሽ? አይዞሽ፣ ይሠራል። ዳስሺው። ፀሐዩ ነው ያጠወለጋቸው፤ ማታ ይነሣሉ።»

እጁን ከፓምፑ ላይ አነሳሁና የበርሜሉን ክዳን ከነግንዱ ብድግ አድርጌ ያዝኩት። ያ ነጭ ጥጥ ቡናማ ክር ሆኖ ተንጠልጥሏል። አራቱም ኖዝል አፋቸው ላይ ነጭ የጨው ቆብ ደፍተዋል። ከታች ያ ዝም ማሰኛ ቱቦ ውሃውን ከባልዲው ወደ ባልዲው ይመልሳል። ፓምፑ ምን ቸገረው፤ በሰላም ይንቀጠቀጣል። አባዬ ሁለት ቀን ሙሉ መዳፉን ላዩ ላይ አድርጎ፣ የሚሠራ ፓምፕ አይከፈትም ብሎ፣ አጠገባቸው ተቀምጦ አድርቋቸዋል።

አየው። ለእሱ ማስረዳት አያስፈልግም፤ የዚህ ዓይነት ሬሳ ብዙ ገንዟል። በርጩማው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት። ስለ ኖዝሉ አልነበረም የጠየቅሁት።

አፌን ነበር የሚያየው። ዓይኔን ሳይሆን አፌን። ስንት ዓመት ሙሉ አባቴ ሰው ሲናገር በትኩረት የሚያይ፣ ቁም ነገረኛ ሰው ነው እያልኩ እኮራ ነበር።

«ጡረታ ከመውጣቴ በፊት» አለ። «መጀመሪያ ወፎቹ ጠፉ። ከዚያ ስልኩ። ከዚያ አንቺ።»

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። ስንቀልድበት አብሮን ይስቅ ነበር እኮ። ጣቢያው መኪና ልኮ ሲወስደው፣ ካቻቢቴውን ነክሶ በጥርሱ ሲያዳምጥ፣ «ሐኪሙ መጣ» ሲሉት። ስሙን ለመጣል ፈርቶ ነው ዝም ያለው። እኔስ? እኔ ሁለት ጤነኛ ጆሮ ይዤ አንድ ቤት ውስጥ አልሰማሁትም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ቲማቲሞቹን ለቀመ። ሰባት ነበሩ፣ ሁሉም አረንጓዴ። ትልቋን ከነቅርንጫፏ ቆርጦ መሐረቡ ላይ አስቀመጣት። «እንሂድ» አለ። በመንገድ ላይ ከገበያ የቀላ ቲማቲም ገዝተን ብንወስድላትስ የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ ገና አፌን ስከፍት አየኝና ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ።

የሆስፒታሉ ክፍል ውስጥ ስድስት አልጋ አለ፤ ጠያቂውም ብዙ ነው። አባዬ መሐረቡን ፈትቶ እማዬ ደረት ላይ አኖረውና ቆመ። የማይሰማ ሰው ድምፁን አይመጥንም።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው!» አለ። «ኖዝሉ ተዘግቶ አልሰማሁም! ጆሮዬ አይሰማም፣ እመቤት! ሰባት ዓመት ሆነኝ!»

ከማዶ ያለችው በሽተኛ ሳትቀር ቀና አለች። እማዬ ጭምብሏን ገለጠች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ልታለቅስ ነው ብዬ ስደነግጥ እየሳቀች ነው።

«ሰባት ዓመት ደብቆ ለዚህ ሁሉ ሰው አወጀው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ንገሪው፤ አውቃለሁ በይው።»

«አውቃለሁ ትላለች!» ብዬ ጮህኩ።

«ለእኔ ብሎ ዝም ያለውን መረጠ» አለች እማዬ ቀጥላ። «እኔ ደግሞ የሚጮኸውን ያልኩት ለእሱ ብዬ ነበር። እኔ ስሄድ ማን ይሰማለታል?»

ይህን መጮህ ነበረብኝ። እናቴ በሹክሹክታ የነገረችኝን፣ በስድስት በሽተኞችና በጠያቂዎቻቸው ፊት፣ ቃል ሳልቀንስ ለአባቴ ጮህኩለት። «እኔ ስሄድ» የምትለው ላይ ስደርስ ድምፄ ተሰበረ። ሁለተኛ እንድለው አልጠየቀኝም፤ ከአፌ አንብቦታል። እንባው ጉንጩን አልፎ ሲወርድ ሊጠርገውም አልሞከረም።

እማዬ ቲማቲሟን አነሳችና ቅርንጫፏን በጣቷ አሸት አሸት አድርጋ አሸተተችው። የቲማቲም ቅጠል ያ የሚጎመዝዝ ሽታው። «ይኸው ጓሮዬ» አለች። ከዚያ «ወረቀት ጠቅልላችሁ መስኮት ላይ አስቀምጧት፤ ትቀላለች» አለች። ቀሪውን ቀን ጣቷን አፍንጫዋ ሥር አድርጋ ዋለች።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ዐረፈች።

ቲማቲሟ በዘጠነኛው ቀን ቀላች። አባዬ ወረቀቱን ፈትቶ፣ አጥቦ፣ ቢላ አምጥቶ ሦስት ቦታ ቆረጣት። ሁለት መሆናችንን ያስታወሰው ከቆረጠ በኋላ ነው። አንዷን ለእኔ ሰጠኝ፣ አንዷን እሱ በላ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም የሚሉት እውነት ነው፤ እያኘክን አለቀስን። ሦስተኛዋን አልነካናትም። ከእሷ ዘሩን በማንኪያ አውጥቶ ወረቀት ላይ አሰጣው።

ዘሩ ሲደርቅ ያንን ባለሱቅ ዘንድ ሄድን። በዚህ ጊዜ አባዬ ገና በሩ ላይ «ወንድሜ፣ አልሰማም፤ ወደ እኔ ዞረህ ተናገር» አለው። ባለ ብረት ገላውን ጯሂ ፓምፕ ገዛን። ከብስኩት ቆርቆሮው አራት ሰፋፊ ኖዝል አወጣ። ብርድ ልብሱን ከሥሩ አነሳው፤ ያንን መመለሻ ቱቦ በጥሶ ጣለው። ከታች ያለችው ጎረቤታችን በሁለተኛው ቀን ጩኸቱን ልትከስስ ወጣች፤ የእማዬን ባዶ አልጋ አየችና «ይጩህ፣ ይጩህ» ብላ ወረደች። አልጋውን እስካሁን አላነሳነውም። እሱ ስላልጠየቀኝ እኔም አልጠየቅሁትም።

ሥሩ እንደገና የወረደ ሰሞን የሰፋሁትን ልብስ አድርሼ ተመልሼ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። አባዬ በረንዳው ላይ ነው። ፓምፑ ተነሳና ወለሉ ተንቀጠቀጠ፤ አራቱ ኖዝሎች የበርሜሉን ግድግዳ በውሃ ደበደቡት። ደንቆሮ የሚሰማው ጩኸት ነው፤ እሱም ትንሽ ትንሽ እንደሚሰማው ነግሮኛል። መዳፉን ግን ፓምፑ ላይ አደረገ። ከዚያ ዞረ።

እኔ በሩ ላይ ሆኜ አንድ ጣቴን አነሳሁለት። አላየኝም። አልጋውን ነበር የሚያየው።